ለአንድ ሰው የተለካ አልጋ

እኔ አልጋ ሠሪ ነኝ። ወንበርም፣ ጠረጴዛም፣ ቁም ሣጥንም እሠራለሁ፤ ሰው የሚያውቀኝ ግን በአልጋ ነው። የእኔ አልጋ አይንቋቋም። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ሙሽሮች ከእኔ ዘንድ አልጋ ሲያስጭኑ ኖረዋል፣ አንዳቸውም "ድምፅ አወጣብን" ብለው መልሰውልኝ አያውቁም። ቀቢው ባልደረባዬ ማሾፍ ሲያምረው "የአንተ አልጋ ምስጢር ጠባቂ ነው" ይላል። ይህን የማወራው ልፎክር ብዬ አይደለም። የእጄን ሙያ ካላወቃችሁ ጥፋቴ አይገባችሁም።

ከሠራኋቸው ሁሉ የሚበልጠው አልጋ ያለው እቤቴ ነው። ስፋቱ ሰማንያ ሳንቲ ሜትር ነው። ምስማር የሚባል ነገር አልነካውም፤ እንጨት በእንጨት ተያይዞ ነው የቆመው። ጭንቅላቷ ቢነካው እንዳያማት ብዬ ራስጌውን አለሰለስኩት፣ በብርጭቆ ወረቀት አራት ጊዜ አሸሁት። በጎኑ መድኃኒቷን የምታስቀምጥበት ቁልፍ ያለው መሳቢያ አበጀሁለት። ሁለት ቁልፍ ነበረው፣ ሁለቱንም ሰጠኋት። የሠራሁት ለባለቤቴ ነው፤ ሕክምናዋን በጨረሰች በአራተኛው ሳምንት አስረከብኳት። በዕድሜዬ ከዚህ የተሻለ ሥራ ሠርቼ አላውቅም፣ ከዚህ የከፋ ጥፋትም አጥፍቼ አላውቅም።

ባለቤቴ መምህርት ናት፣ አንደኛ ክፍል ታስተምራለች። ከሰባት ዓመት ልጆች ጋር ስትውል ስለኖረች ትዕግሥቷ ሰፊ ነው፣ ምላሷ ግን መላጊያ ነው፤ የበዛውን ሁሉ ይልጋል። ስትቀልድብኝ "ጌታው" ትለኛለች። "ጌታው ዛሬም ሰጋቱራውን ለብሰው ገቡ?" ትለኝና ፀጉሬን ታራግፍልኛለች። ታራግፍልኝ ነበር ማለት አለብኝ።

የታመመችው የማህፀን በር ካንሰር ነው። ጊዜው ያልሆነ ደም አየች፣ ሁለት ወር ደበቀችኝ፣ ኋላ ነገረችኝ። ተቆጣሁ። "ለምን እስካሁን ዝም አልሽ?" ብዬ ጮህኩባት። ዝምታን በተመለከተ እኔ በሰው ላይ ለመቆጣት የማልበቃ ሰው መሆኔን ያን ጊዜ አላወቅኩም።

ሰባት ሳምንት ጨረር ታዘዘላት፣ ከዚያ ጋር በሳምንት አንድ ቀን በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት። ሁልጊዜ አብሬያት ሄድኩ። ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ አንድ እግሩ አጭር ነበር፣ ሰው ሲነሣና ሲቀመጥ ይንገዳገዳል። አንድ ቀን ሜትሬንና ቁራጭ ጣውላ ይዤ ሄጄ አስተካከልኩት። ባለቤቴ ከጨረሩ ክፍል ስትወጣ ወለል ላይ ተንበርክኬ አገኘችኝ። "ሌላው ሰው የሚንበረከከው ለጸሎት ነው፣ አንተ ለአግዳሚ" ብላ ሳቀች። ያን ሰሞን መሳቅ ያቃጥላት ነበር፣ ግን ሳቀች።

በአምስተኛው ሳምንት አንድ ነገር ሆነ። ተኝተን ስገላበጥ ጉልበቴ ከሆዷ በታች መታት። ጥርሷን ነክሳ አቃሰተች፣ ከዚያ "ምንም አልሆንኩም፣ ተኛ" አለችኝ። እኔ ግን አልተኛሁም። ከዚያን ቀን ጀምሮ አልጋው ጠርዝ ላይ እንደ ጣውላ ደርቄ መተኛት ጀመርኩ፤ ኋላም ፍራሽ አውርጄ መሬት ላይ። እሷ አንድ ሁለት ጊዜ "ና እንጂ ወደ ላይ" አለችኝ። "ይመቸኛል" አልኳት።

ሕክምናው ሲያልቅ ሐሳብ መጣልኝ። ሰው ሐሳብ ሲመጣለት መጠርጠር አለበት። ልጃችን ለሥራ ሌላ ከተማ ከሄደች ወዲህ ክፍሏ ባዶ ነበር፤ የጠዋት ፀሐይ የሚገባበት መስኮት አለው። ለባለቤቴ እዚያ የሚቀመጥ የራሷ አልጋ ልሠራላት ቆረጥኩ። ለማንም አልነገርኩም። ለሌላ ሥራ ብዬ ሦስት ዓመት ያደረቅኩት ቀላ ያለ እንጨት ነበረኝ፣ እሱን አነሣሁ። ቀቢው ሲያየው "ይህ ለየትኛዋ ልዕልት ነው?" አለኝ። "ለእኔዋ" አልኩት።

አልጋው ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ባለቤቴ ከሆስፒታል መጥታ ጫማዋን እያወለቀች፣ ወደ ጫማዋ እያየች፣ "ሐሙስ ሲስተሯ ሁለታችሁም ኑ ብላለች" አለችኝ።

"ምን ሆነሻል? ምን አገኙ?"

"ምንም አላገኙም። ስለ… ስለ እኛ ነው። ከእንግዲህ ስለምንኖረው ነገር ልታስረዳን ነው።"

ሐሙስ የመጨረሻው ቫርኒሽ የሚቀባበት ቀን ነበር። ቫርኒሹን ቀብቼ፣ አድርቄ፣ ጭኜ አምጥቼ፣ እሷ ከቀጠሮዋ ስትመለስ አንጥፌ ልጠብቃት ነበር ያሰብኩት።

"ሐሙስ ሥራ አለኝ" አልኳት። "የማይተው ሥራ ነው። አንቺ ስሚና ንገሪኝ።"

ቀና ብላ አየችኝ። ያን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ያን ጊዜ ግን በሆዴ ስቄ ነበር፤ 'ቆይ፣ ስታዪው ይገባሻል' እያልኩ።

"እሺ ጌታው" አለችኝ። ብቻዋን ሄደች።

ስትመለስ አንዲት ፌስታል ይዛለች። እጇን ይዤ ወደ ልጃችን ክፍል ወሰድኳት። አልጋው ተነጥፏል፣ ቫርኒሹ ገና ይሸታል። በር ላይ ቆመች። ብዙ ቆመች። ከዚያ ገብታ ራስጌውን በመዳፏ ዳሰሰችው።

"ቆንጆ ነው" አለች። "ለአንድ ሰው ነው?"

"ለአንቺ ነው!" አልኩ አፌን ሞልቼ። "ማንም እንዳይነካሽ! እንደ ልብሽ ተገላብጠሽ እንድትተኚ።"

"ማንም እንዳይነካኝ" አለች ቃሉን ደግማ፣ ተማሪዎቿ ያነበቡትን ስትደግምላቸው እንደምታደርገው። እንባዋ ወረደ። ደስ ብሏት መስሎኝ እኔም ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። የሐሙሱን ቀጠሮ ነገር ሳልጠይቃት ቀረሁ። እሷም አልነገረችኝም። ፌስታሉን መሳቢያው ውስጥ ከታ ቆለፈችው።

እንዲህ ሆነን አራት ዓመት ኖርን። ተጣልተን አናውቅም። አባቴ "በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም" ይል ነበር፣ እኔም ይህን እንደ ጥበብ ይዤው ኖርኩ። ጠዋት ሻይ አፍልቼ የክፍሏን በር አንኳኳለሁ። ሃያ አምስት ዓመት ያገባኋትን ሴት በር አንኳኳለሁ፣ አስቡት! "ግባ" ትለኛለች፣ ሻዩን ኮመዲኖው ላይ አስቀምጥላታለሁ፣ ግንባሯን እስማለሁ፣ እወጣለሁ። በሽታው አልተመለሰም። ጎረቤት ሁሉ "ባል ማለት እንዲህ ነው" ይል ነበር፤ እህቷ ደግሞ ለባሏ እኔን ምሳሌ አድርጋ ታቀርበኛለች።

ያማረኝ ጊዜ የለም ብዬ አልዋሽም። ነገር ግን ከሞት አፍ የተመለሰች ሴት ላይ እንዲህ ያለ ነገር ማሰብ ራሱ ግፍ ነው ብዬ ራሴን እገሥጽ ነበር። ያ ነገር ለእሷ አልቋል ብዬ ደመደምኩ። ከፈለገች ትጠራኛለች ብዬም አሰብኩ። አልጠራችኝም። ስለዚህ ዓመት ዓመትን እየገፋ ሄደ።

ባለፈው ወር አንዲት አጠር ያለች ሴት ፋይል በብብቷ ይዛ ወደ ሥራ ቤቴ ገባች። "ሲስተር ነኝ፣ ከሆስፒታሉ ነው የመጣሁት" አለች። ከዚያ በፊት አይቻት አላውቅም። ሁለት ወንበር እንድሠራላት ፈለገች።

"ክንድ ያለው ነው የሌለው?" አልኳት እርሳሴን ከጆሮዬ እያወረድኩ።

"የሌለው፣ ጋሼ። ጎን ለጎን ነው የሚቀመጡት። መሐላቸው ክንድ ካለ እጅ ለእጅ ለመያያዝ አይመችም።"

"እነማን?"

"ባልና ሚስት" አለች። "የማህፀን በር ካንሰር የታከሙ ሴቶችን ከነባሎቻቸው የማነጋግርበት ክፍል አለኝ። የድሮዎቹ ወንበሮች ተሰባበሩ።"

እርሳሱ እጄ ላይ ቆመ። "ስለ ምንድን ነው የሚያነጋግሯቸው?"

ሲስተሯ የምታፍር ሰው አልነበረችም። "ስለ ግንኙነት ነዋ፣ ጋሼ። ስለ አልጋ።" ቀቢው ብሩሹን ቆርቆሮው ላይ ጥሎ፣ የሚፈልገው ነገር ያለ ይመስል ወደ ውጭ ወጣ።

የጣውላውን ሰጋቱራ በመዳፌ ጠረግኩ። ከዚያ፣ ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፣ "አንድ ሰው… እንዲህ ያለች ሚስቱን ቢነካት አይጎዳትም? ጨረር የተደረገላትን?" አልኳት።

"ማን ነው እንዲህ ያለው?"

"ሰው" አልኩ።

"ጨረሩ ሰውነቷ ውስጥ አይቀርም" አለች። "ካንሰር ደግሞ ከሚስት ወደ ባል አይጋባም። እርግጥ ነው፣ ከጨረር በኋላ ብልቷ ይደርቃል፣ ይጠብባል። ለዚያ መለማመጃ እንሰጣታለን፣ ማለስለሻ ቅባትም አለ። ቁስሉ ሲድን፣ ሐኪሙ ይቻላል ሲላት፣ ቀስ ብለው፣ እየተነጋገሩ ነው። ፍላጎቷ ሊቀንስም ይችላል፤ መጥላቷ ግን አይደለም። ደግሞ መቀራረብ ማለት ያ ብቻ ነው ያለው ማን ነው? መተቃቀፍ አለ፣ መሳሳም አለ፣ ጀርባ ማሸት አለ። ይህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማንም አይከለክለውም።"

"ይህን ለባሎቹ ይነግሯቸዋል?"

"ሲመጡ! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኔ ዘንድ ግን የሚደበቁት ባሎቹ ናቸው።" ሳቀች። "ሁለታችሁም ኑ እላለሁ፣ እሷ ብቻ ትመጣለች። ባልሽስ ስል መልሱ አንድ ዓይነት ነው፦ 'ሥራ አለው።' ሁለተኛውን ወንበር የፋይል ማስቀመጫ አድርጌዋለሁ።"

"ሐሙስ ሐሙስ ነው አይደል?" አልኳት።

"እንዴት አወቁ?"

"ሰው ነገረኝ" አልኩ ደግሜ።

እሷ ከሄደች በኋላ ለወንበሩ እግር እንጨት ቆረጥኩ፤ ሦስት ሳንቲ ሜትር አሳጠርኩት። ሁለተኛውንም አሳጠርኩት። መጋዙን አስቀምጬ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ምሳ ሰዓት ገና እንዳለፈ ነበር።

ባለቤቴ የጠዋቱን ፈረቃ አስተምራ ገብታ፣ ጠረጴዛው ላይ የልጆቹን ደብተር ከምራ በቀይ እስክሪብቶ ታርማለች። ሰጋቱራዬን ሳላራግፍ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ።

"ምነው በዚህ ሰዓት? ጣትህን ቆረጥከው?"

"ያን ሐሙስ" አልኳት፣ "ሲስተሯ ምን አለችሽ?"

የትኛው ሐሙስ ብላ አልጠየቀችኝም። እስክሪብቶውን ከደነችው።

"አራት ዓመት ሆነው እኮ" አለች።

"አውቃለሁ።"

ተነሥታ ወደ ክፍሏ ገባች፣ ከቦርሳዋ ቁልፍ አውጥታ ሰጠችኝ። "አንተ ነህ የሠራኸው፣ አንተው ክፈተው" አለችኝ።

መሳቢያው ሰተት ብሎ ተከፈተ፤ ሥራዬ ነውና አልከዳኝም። ውስጡ ከጨርቅ የተሰፋች ከረጢት አለች። በውስጧ አራት ለስላሳ የፕላስቲክ ዘንጎች፣ ከትንሽ ጣት ጀምሮ እየወፈሩ የሚሄዱ። ጫፉ የደረቀ የቅባት ቱቦ። ሥዕል ያለባት ቀጭን መጽሐፍ። ከሥር ደግሞ አንድ የተማሪ ደብተር።

"እነዚህ መለማመጃዎቹ ናቸው" አለችኝ በአስተማሪ ድምጿ። ያን ድምፅ የምታወጣው እንዳታለቅስ ስትፈልግ ነው። "ሰውነት እንዳይጣበቅ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከትንሹ ጀምሮ። ከትምህርት ቤት ገብቼ አንተ እስክትመጣ ባለችው ሰዓት በሩን ቆልፌ እሠራ ነበር።"

"ያማል?"

"መጀመሪያ ያማል። አለቅስ ነበር። እየቆየ ተሻለኝ። ሦስተኛው ላይ የደረስኩ ቀን ደስ ብሎኝ፣ ዛሬስ እነግረዋለሁ ብዬ ስጠብቅህ፣ አዲስ ትራስ ገዝተህልኝ መጣህ። አንድ ትራስ።"

ትራሱን አስታወስኩት። ለስላሳ መሆኑን ሱቁ ውስጥ በጉንጬ ፈትሼው ነበር።

ደብተሩን ገለጥኩ። በማስመሪያ የተሰመረ፣ ልክ እንደ ክፍል የስም መጥሪያ። መጀመሪያው ገጽ አናት ላይ የዚያ ሐሙስ ቀን ተጽፏል፤ ከሥሩ ሁለት መስመር ነበር። 'እኔ' የሚለው ፊት ምልክት ተደርጓል። 'እሱ' የሚለው ፊት 'ቀሪ' ይላል። ከዚያ በኋላ ባሉት ገጾች ላይ 'እሱ' የሚል የለም። የእሷ ምልክት ብቻ፣ በሳምንት ሦስት፣ በሳምንት ሦስት፣ ገጽ በገጽ። ሁለት ዓመት ሙሉ። ከዚያ መሐል ገጽ ላይ ቆመ፤ የቀረው ነጭ ነው።

"እዚህ ላይ ለምን አቆምሽ?"

"ቀኑን እየው።"

አየሁት። የልጃችን ሠርግ ቀን ነው።

"ከሠርጉ ስንመለስ" አለችኝ፣ "ያችን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሼ ነበር። አንተም ስትጨፍር ውለሃል፣ እንደ ድሮህ ነበርክ። እቤት ስንገባ ክፍልህ በር ላይ ቆምኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቆምኩ። ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ?"

አስታወስኩ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። "ደክሞሻል፣ ሂጂና አልጋሽ ላይ ጋደም በይ" ነበር ያልኳት። በፍቅር ነው ያልኩት። ጫማዋን እንኳ አውልቄላት ነበር።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት። ድምፄ ከፍ አለ። "አንዲት ቃል! ለምን አንዲት ቃል አልተናገርሽም?"

"አልጋ ሠርተህ ሰጠኸኝ እኮ" አለችኝ። "ሲስተሯ 'ከባልሽ ጋር ተነጋገሩ' ብላኝ፣ በልቤ ስንት ነገር እያሰናዳሁ፣ እንዴት እንደምጀምር በመንገድ ላይ እየተለማመድኩ መጣሁ። በሩን ስትከፍትልኝ መልሱ ተነጥፎ ጠበቀኝ። ከዚያ በኋላ ምን ልበልህ?"

ውጭ የጎረቤት ልጆች ኳስ ሲጫወቱ ይሰማል። አልጋው ላይ ተቀመጥኩ፤ አልተንቋቋም።

"አንድ ነገር ልጠይቅህና እውነቱን ንገረኝ" አለችኝ። "ይህን አልጋ የሠራኸው ለእኔ ነው ወይስ ለራስህ?"

ለአንቺ ልል አፌን ከፈትኩ፣ ቃሉ ግን አልወጣም። ምክንያቱም አንድ ነገር ነበር፣ ለራሴም ነግሬው የማላውቅ። ያን ሰሞን አንድ ደንበኛ ሥራ ቤት መጥቶ የሚስቴን በሽታ ሲሰማ፣ "ተጠንቀቅ፣ ከእንዲህ ያለች ሴት ጋር የተኛ ወንድ አይተርፍም" ብሎኝ ነበር። ሳቅኩበት። ፊት ለፊት ስቄበት፣ ማታ ግን ፍራሼን ወደ ግድግዳው ይበልጥ አስጠጋሁት።

"ፈርቼ ነበር" አልኳት። "እንዳላሳምምሽ ፈራሁ። ይህ እውነት ነው። ደግሞ… በሽታውን ፈራሁ። ይይዘኛል ብዬ።"

ትቆጣለች ብዬ ጠበቅኩ። ራሷን ነቀነቀች ብቻ።

"ያን ጊዜ ብትነግረኝ ስቄብህ፣ እንደማይጋባ እነግርህ ነበር" አለች። "መልሱ እዚሁ መጽሐፍ ላይ አለ፣ ሦስተኛው ገጽ። እኔ እኮ ተጸይፈኸኝ መስሎኝ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ገላዬን ሳጥብ የሚጸየፉትን ነገር የማጥብ ይመስለኝ ነበር።"

አለቀስኩ። ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው፣ ሰጋቱራ ላይ እንባ ሲፈስ ፊት ጭቃ ይሆናል። እጇን ለመያዝ እጄን ዘረጋሁ፤ አልሰጠችኝም፣ አልነጠቀችኝምም፣ ደብተሩ ላይ እንዳለች ተወቻት።

"አፈርሰዋለሁ" አልኩ ተነሥቼ። "ይህን አልጋ ዛሬውኑ አፈርሰዋለሁ።"

"አትንካው። ጥሩ አልጋ ነው፣ ወገቤን ደግፎልኛል። እሱ ምን አጠፋ?"

"እና ምን ላድርግ?"

"ቀድሞ ነበር እንጂ…" አለችና ተወችው። ተረቱን መጨረስ አላስፈለጋትም፤ መጥኖ መደቆሱ ባለፈ ጊዜ ድስት ጥዶ የሚያለቅሰው ማን እንደሆነ ሁለታችንም አየነው። ወደ ደብተሮቿ ተመለሰች።

ወንበሮቹን በሳምንቱ ጨረስኩ። አልጋውን ከሠራሁበት እንጨት የተረፈ ነበር፣ እሱን ነው የተጠቀምኩት። ሐሙስ ዋዜማ ለባለቤቴ "ነገ ወንበሮቹን ሲስተሯ ዘንድ አደርሳለሁ፣ አድርሼም እዚያው እቀመጣለሁ። ትመጫለሽ?" አልኳት።

"ሐሙስ ሥራ አለኝ" አለችኝ።

ተበቅላኝ ይሁን አይሁን አላውቅም። ሐሙስ በእርግጥም ሥራ አላት።

ወንበሮቹን ጎን ለጎን አስቀምጬ አንዱ ላይ ተቀመጥኩ። ሲስተሯ "ጋሼ፣ ይሂዱ እንጂ፣ ባለ ቀጠሮዎች ይመጣሉ" አለችኝ። "ባለ ቀጠሮው እኔ ነኝ፣ አራት ዓመት ዘግይቼ ነው" አልኳትና የባለቤቴን ስም ነገርኳት። ፊቷ ተለወጠ። እንደ ልማዷ ፋይሉን ሁለተኛው ወንበር ላይ ልታስቀምጥ ስትል "ኧረ እባክዎ፣ እሱን ባዶውን ይተዉልኝ" ብዬ ለመንኳት። ያን ቀን ለእሷ የነገሯትን ሁሉ ለእኔም ይንገሩኝ አልኳት። አንድ ሰዓት ያህል ነገረችኝ። ወረቀት ስላልያዝኩ ኪሴ ውስጥ ያገኘሁትን ብርጭቆ ወረቀት ገልብጬ ጀርባው ላይ ጻፍኩ። አንድ ነገር ጠየቅኳት፦ ሁለት ዓመት ካቆመች በኋላ አሁን እንደገና ይቻላል?

"ጠቦ ሊሆን ይችላል፣ መመርመር አለባት" አለችኝ። "አንዳንዱ ይመለሳል፣ አንዳንዱ አይመለስም። ግን ጋሼ፣ መጀመሪያ ትፈልግ እንደሆነ እሷን ይጠይቋት እንጂ እኔን አይደለም።"

ወደ ቤት ስገባ ባለቤቴ ጠረጴዛዋ ላይ ነበረች።

"እሺ" አለችኝ ቀና ሳትል፣ "ምን ተማርክ?"

ቆሜ፣ እንደ ተማሪ፣ ከብርጭቆ ወረቀቱ ጀርባ አነበብኩላት። ጨረር ሰውነት ውስጥ አይቀርም። በሽታው አይጋባም። ጊዜ መስጠት። ቅባቱን አለመርሳት። ሳያወሩ አለመገመት። ካመማት ማቆም። እዚህ ላይ ስደርስ እጇን ዘርግታ ወረቀቱን ተቀበለችኝና በቀይ እስክሪብቶ አንድ መስመር ጨመረችበት። አነበብኩት፦ 'ሳያማትም፣ በቃኝ ካለች ማቆም።'

"ይህንንም ብላኛለች፣ አልጻፍኩትም" አልኩ።

"አውቃለሁ" አለች።

ከዚያ ያን ደብተር ከቦርሳዋ አወጣች። ከመሳቢያው አውጥታ ይዛው መዋሏን አላወቅኩም ነበር። የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠች። 'ቀሪ' የሚለውን ትሰርዘዋለች ብዬ ተስፋ አደረግኩ። አልሰረዘችውም። ሁለት ዓመት ነጭ ሆኖ ወደ ቀረው ገጽ ሄደች፣ የዛሬን ቀን ጻፈች፣ ከሥሩ 'እሱ' አለችና ፊቱ 'አርፋጅ' ብላ ጻፈች። ደብተሩን ዘጋችው።

"እናንተ ትምህርት ቤት አርፋጅ ምን ይደረጋል?" አልኳት።

"በር ላይ ይቆማል።"

"እስከ መቼ?"

"እስኪጠራ" አለችኝ። "አንዳንዱ ሳይጠራ ደወል ይደወላል።"

ተነሥታ ወደ ክፍሏ ገባች። እኔ ተከትያት ሄጄ በሩ ላይ ቆምኩ። አላንኳኳሁም። በሩን ገጥማው ነበር እንጂ አልቆለፈችውም፤ ያን በር የሠራሁትም እኔ ነኝ፣ ቁልፉ ሲዞር ድምፁን አውቀዋለሁ።